ስሪዲ ፔን ለሞዴል ባቡር ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ፔኑን ገና ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ከሚያነሷቸው ይጀምሩና፣ ሥራው ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደሚገጥሙት ያመራሉ።

ስሪዲ ፔን ምንድን ነው? የሚሠራውስ እንዴት ነው?

ስሪዲ ፔን ከወፍራም እስክሪብቶ ብዙም የማይበልጥ፣ በእጅ ተይዞ የሚሠራበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ከኋላው የሚገባውን የፕላስቲክ ክር፣ ማለትም ፊላመንት፣ በውስጡ ያለው ትንሽ ሞተር እየገፋ ወደ ጋለው ጫፍ ያደርሰዋል፤ እዚያ የቀለጠው ፕላስቲክም በጠባቧ ቀዳዳ ወጥቶ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠነክራል። በአሠራሩ ከትኩስ ሙጫ ሽጉጥ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የሚወጣው መስመር ቀጭን መሆኑና ሲቀዘቅዝ ራሱን ችሎ በአየር ላይ መቆም መቻሉ ነው።

ይህን መሣሪያ በሰፊው ያስተዋወቀው ስሪዱድለር የተባለው ፔን ሲሆን፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ አማካይነት ከደንበኞች ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ወደ ምርት ገባ። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ፔኖች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት 1.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ክር ነው፤ ይኸው ክር የብዙዎቹ ስሪዲ ፕሪንተሮች ክር ስለሆነ ለማግኘት አያስቸግርም።

ለሞዴል ባቡር የምር ይጠቅማል ወይስ የልጆች መጫወቻ ነው?

ይጠቅማል፣ ግን ለሁሉም ነገር አይደለም። በእጅ የሚሣል የፕላስቲክ መስመር ፍጹም ቀጥ አይልም፤ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይሆንም። ስለዚህ በእውነተኛው ዓለም በፋብሪካ በልክ ተሠርቶ የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ለምሳሌ ሐዲድ፣ የፉርጎ ግድግዳ፣ የመስኮት ክፈፍ፣ የማርሽ ጥርስ፣ የፉርጎ ማያያዣ፣ ለፔኑ አይሆንም። እነዚህን በፔን ለመሥራት የሚሞክር ሰው ጊዜውን ያባክናል፤ ፔኑ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የሚቀረውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በአንጻሩ ተፈጥሮ ያበቀለው፣ ዕድሜ ያጎበጠው ወይም ሰው በችኮላ ያበጀው ነገር ለፔኑ የተመቸ ነው። የዛፍ ግንድና ሥር፣ የድንጋይ ግድግዳ ላይ የወጣ ሐረግ፣ ዴፖ ጥግ የተጣለ የገመድ ጥቅል፣ የተጣመመ ቧንቧ፣ የአሸዋ ከረጢት ክምር፣ በነዳጅ ፉርጎ ላይ ተደርቦ የተበየደ የብረት ልጥፍ፣ እነዚህ ሁሉ የእጅ መንቀጥቀጥ የማያበላሻቸው፣ እንዲያውም የሚያሳምራቸው ናቸው።

ስሪዲ ፕሪንተር ካለኝ ፔኑ ምን ይጨምርልኛል?

ፕሪንተር የሚሠራው በኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ ሥዕል ሲሰጠው ነው፤ አንድን ሐረግ በተሠራ ግድግዳ ስንጥቅ ላይ እንዲሳብ ማድረግ ግን አይችልም። ፔኑ በቀጥታ በቦታው ላይ ይሠራል። ከዚህ ሌላ ፕሪንተሩ በሁለት ከፍሎ ያወጣውን ዕቃ መገጣጠሚያ ከውስጥ በኩል በዚያው ክር ለመበየድ፣ ክፍተቱንም ለመሙላት ያገለግላል። ዋጋውም ከፕሪንተር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሁለቱም ያለው ሰው ሕንፃውን በፕሪንተር፣ በሕንፃው ዙሪያ ያለውን ዝብርቅርቅ በፔን ቢሠራ ይመረጣል።

በየትኛው ስኬል ይሻላል?

ስኬል ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው ዕቃ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ የሚገልጽ ልክ ነው፤ 1፡87 ሲባል ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። የሚሻለውን ለመወሰን ቀላል ስሌት ይበቃል። የፔኑን መስመር ውፍረት በስኬሉ ቁጥር ማባዛት ነው። ብዙዎቹ ፔኖች የሚያወጡት መስመር 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል እንበል። በኤችኦ፣ ማለትም በ1፡87፣ ይህ መስመር በእውነተኛው ዓለም 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን ነገር ይወክላል፤ ለቅርንጫፍ ወይም ለውኃ ቧንቧ ደህና ነው፣ ለስልክ ሽቦ ግን ከልክ በላይ ነው። በኤን፣ ማለትም በ1፡160፣ ያው መስመር ከ11 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ለግንድ ካልሆነ በቀር በዚህ ስኬል ፔኑ ብዙ ሥራ የለውም። በአትክልት ቦታ በሚዘረጉት የጂ ስኬል ባቡሮች፣ ማለትም በ1፡22.5፣ ደግሞ መስመሩ ወደ 1.6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ የበር እጀታና የእጅ መደገፊያ ብረት ሳይቀር መሥራት ይቻላል።

ውፍረቱን መቀነሻ አንድ ዘዴ አለ። ጫፉን አስነክቶ ጥቂት ፕላስቲክ ካወጡ በኋላ ሞተሩን አቁሞ ፔኑን ፈጠን አድርጎ መሳብ ነው፤ ፕላስቲኩ ይሳሳና እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ይሆናል። ልኩን መቆጣጠር ስለማይቻል ለሽቦ አይሆንም፤ ለደረቅ ሣርና ለሐረግ ጫፍ ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

የትኛውን ፕላስቲክ ልግዛ?

ለጀማሪ ፒኤልኤ ይበቃል። ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ብዙም አይኮማተርም፣ ሽታውም ቀላል ነው። ድክመቱ ሙቀት አለመቻሉ ነው፤ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ መለሳለስ ይጀምራል፤ ስለዚህ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሰሌዳ ላይ፣ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ ማቀዝቀዣ በሌለው መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ የፒኤልኤ ዛፍ ሊጎብጥ ይችላል። ኤቢኤስ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በብርጭቆ ወረቀትም በደንብ ይፈገፈጋል፤ ነገር ግን ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጢሱም ይከብዳል። የልጆች ፔኖች የሚጠቀሙበት ፒሲኤል በ60 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ በመሆኑ ለጣት አደገኛ አይደለም፤ ሆኖም ልስልስ ስለሆነ ለሞዴል ብዙ አይረዳም።

ከሁሉ ይልቅ ለሞዴል ሠሪ የምመክረው ብዙ ሰው የማያስታውሰውን ሂፕስ የሚባለውን ክር ነው። ሞዴል ሠሪዎች ለሕንፃና ለፉርጎ የሚጠቀሙበት ነጭ የስታይሪን ሉህ በአብዛኛው የሚሠራው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው፤ ስለሆነም በተለመደው የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ይጣበቃል፣ አብሮም ይፈገፈጋል፣ ቀለምም እኩል ይቀበላል። ፔኑ ግን ሙቀቱን እስከ 230 ዲግሪ ገደማ ከፍ ማድረግ የሚያስችል መሆን አለበት፤ ሁለት የሙቀት ምርጫ ብቻ ያላቸው ፔኖች በኤቢኤስ ምርጫ ያወጡታል።

ዛፍ እንዴት ይሠራል?

የፔኑ ትልቁ ሥራ ይህ ስለሆነ በዝርዝር ማየት ይገባል። መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ በሚፈለገው ቁመት ይቆረጥና ቀጥ ተደርጎ በወረቀት በተሸፈነ ፎም ቁራጭ ላይ ይተከላል። የዛፉን ቁመት ከስኬሉ ማስላት ያስፈልጋል፤ 8 ሜትር የሆነ ግራር በኤችኦ 92 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ፔኑን በዝግተኛ ፍጥነት አድርጎ፣ ከሥር ወደ ላይ ሽቦውን ተከትሎ መስመር ማውጣት ነው። አንዱ መስመር ከሌላው አጠገብ ሲወርድ በመካከላቸው የሚቀረው ጎድጎድ የዛፍ ቅርፊት ይመስላል፤ ይህን ለማስተካከል አለመሞከር ነው የሚሻለው። ወደ ታችኛው ጫፍ ሲደረስ መስመሮቹን ወደ ውጭ ዘርግቶ መሬት ላይ ማሳረፍ ሥሩን ያወጣል።

ቅርንጫፍ የሚወጣው ጫፉን ግንዱ ላይ አስነክቶ፣ ፕላስቲኩ እስኪይዝ አንድ አፍታ ቆይቶ፣ ከዚያ ፔኑን በሚወጣው ፕላስቲክ ፍጥነት ልክ ወደ ውጭ በማንቀሳቀስ ነው። ፔኑ ቢፈጥን ክሩ ይሳሳል፣ ቢዘገይ ይንጠባጠባል። ቅርንጫፉ በሚፈለገው ርዝመት ሲደርስ ሞተሩ ይቆማል፣ ጫፉም በአየር ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ ወዲያው የነቀለ ሰው ቅርንጫፉ ወደ ታች ሲሰግድ ያያል። ለግራር ሁሉንም ቅርንጫፎች በአንድ ከፍታ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ መዘርጋት፣ ለባሕር ዛፍ ደግሞ ግንዱን ረጅምና ራቁት አድርጎ ከላይኛው ሲሶ ብቻ ማስወጣት ያስፈልጋል። ቅጠሉ በፔን አይሠራም፤ በሚረጭ ማጣበቂያ ላይ ተፈጭቶ የተቀለመ ስፖንጅ ወይም የሞዴል ቅጠል ይበተናል።

የክሩ ቀለም ቡናማ ወይም ግራጫ ቢሆን ይመረጣል። ቀለሙ በኋላ ቢላጥ ከሥሩ የሚታየው ፕላስቲክ አያሳፍርም።

አጥርና መሰላልን የመሳሰሉ ቀጥ ያሉ ነገሮችስ?

በነጻ እጅ አይሞከርም። የአጥሩን ሥዕል በስኬሉ ልክ ወረቀት ላይ አትሞ ከመስታወት ሥር በፕላስተር መለጠፍና፣ መስታወቱ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፎ በማስመሪያ መከተል ይቻላል። የብረት ማስመሪያ ይጠቀሙ፤ የፕላስቲኩ ይቀልጣል። እንዲህም ተደርጎ የሚወጣው አጥር ለገጠር እንጨት አጥር እንጂ ለጣቢያ የብረት አጥር አይሆንም። የብረቱን ገዝቶ መትከል ይቀላል።

ፎም ወይም የስታይሪን ግድግዳ ላይ በቀጥታ መሣል እችላለሁ?

የተራራውና የሸለቆው መሠረት የሚሆነው የፖሊስታይሪን ፎም ከ200 ዲግሪ ጫፍ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ይቀልጣል፣ ይጎደጉዳል፣ መጥፎ ጢስም ያወጣል። መፍትሔው ፎሙን አስቀድሞ በጄሶ ወይም በኮላ በተነከረ ወረቀት መሸፈን፣ ወይም ዕቃውን ለብቻው ሠርቶ በኋላ መለጠፍ ነው።

የስታይሪን ግድግዳ የተሻለ ቢሆንም ቀጭኑ ሉህ ይጣመማል፤ ትኩሱ መስመር ከአንድ ወገን አሙቆ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እየተኮማተረ ሉሁን ወደ ራሱ ስለሚስበው ነው። ግድግዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከጀርባው ድጋፍ ሳይደረግለት መሣል አይገባም። ካርቶን፣ እንጨትና ጄሶ ግን ችግር የለባቸውም።

የትኛው ሙጫ ይይዘዋል?

ፒኤልኤን የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ አይዘውም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሸወዳል። ለእሱ ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ያስፈልጋል። ኤቢኤስ በአሴቶን ይሟሟል፣ ስለዚህ ኤቢኤስ ከኤቢኤስ ጋር በአሴቶን ሊጣበቅ ይችላል። ሂፕስ ከላይ እንደተገለጸው በሞዴል ሙጫ ይያዛል። ዛፍ ወደ መሬት ለመትከል ግን ሙጫ ላይ ብቻ ባይመኩ ጥሩ ነው፤ የግንዱ ሽቦ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ተርፎ ፎሙ ውስጥ ቢሰካ ሲያስፈልግ ነቅሎ ለመጠገንም ያመቻል።

ሥራዬ አሻንጉሊት ይመስላል። ምን ላድርግ?

አሻንጉሊት የሚያስመስለው የፕላስቲኩ አንጸባራቂነት ነው፤ ቅርጹ ጥፋት የለበትም። ማት ፕራይመር፣ ማለትም የማያንጸባርቅ የመጀመሪያ ቅብ፣ ከተረጨ በኋላ ነገሩ ወዲያው ይለወጣል። በዚያ ላይ የአክሪሊክ ቀለም፣ ከደረቀም በኋላ በውኃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም ወደ ጎድጎዶቹ እንዲወርድ ማድረግ፣ በመጨረሻ በደረቀ ብሩሽ ፈዘዝ ያለ ቀለም ከፍ ከፍ ያሉትን ጫፎች መንካት በቂ ነው። ፒኤልኤን በብርጭቆ ወረቀት ለማለስለስ የሚፈልግ ሰው ወረቀቱን በውኃ ያርጥብ፤ በደረቁ ሲፈገፈግ ከሚፈጠረው ሙቀት የተነሳ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ወረቀቱን ይደፍናል።

ጢሱ ይጎዳል? ልጅ ሊጠቀምበት ይችላል?

የሚቀልጥ ፕላስቲክ ሁሉ በዓይን የማይታይ ብናኝና ጋዝ ያወጣል፤ ከኤቢኤስ የሚወጣው ስታይሪን የተባለ ጋዝ ደግሞ በተለይ ያስጠላል። መስኮት ተከፍቶ፣ አየር ከሠሪው ፊት ወደ ውጭ በሚወጣበት ቦታ መሥራት ግዴታ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሕፃን ባለበት ክፍል ውስጥ ኤቢኤስ ባይቀልጥ ይሻላል።

የጫፉ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ለልጅ የሚሰጠው በፒሲኤል የሚሠራው ፔን ብቻ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ ቆዳ ላይ ቢያርፍ መላጥ አይገባም፤ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ማቆየትና እንደ ቃጠሎው ስፋት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ፔኑ ደጋግሞ ይደፈንብኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ዋነኛው ምክንያት ክሩን ውስጡ ትቶ ማጥፋት ነው። ሥራ ሲያበቃ ፔኑ ገና ትኩስ ሳለ ክሩን ወደ ኋላ ማስወጣት፣ የወጣውንም ጫፍ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከኤቢኤስ ወደ ፒኤልኤ መለወጥ ነው፤ የቀረው ኤቢኤስ በፒኤልኤ ሙቀት በደንብ ስለማይቀልጥ ቀዳዳውን ይዘጋል። ሙቀቱን በኤቢኤስ ልክ እንዳለ ትቶ፣ አዲሱ ቀለም ጠርቶ እስኪወጣ አፍስሶ፣ ከዚያ ማውረድ ነው። እንጨት የተቀላቀለበት ክር ለዛፍ የሚያጓጓ ቢሆንም ጠባብ ቀዳዳ ላለው ፔን አይመከርም።

ሲሠራ ጠሽ ጠሽ የሚልና አረፋ የሚያወጣ ክር እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው፤ በክረምት ይህ የተለመደ ነው። ክሩን እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በታሸገ ላስቲክ ማስቀመጥ ይበቃል።

ፔን ከተጠቀምኩ በኋላ ባቡሩ መቆራረጥ ጀመረ። ምን ሆኖ ነው?

ፔኑ ከሥራው ላይ በተነሳ ቁጥር የሸረሪት ድር የሚመስል ክር ይጎትታል። ይህ ክር ሐዲድ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስለሆነ ጎማው ከሐዲዱ ኃይል እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ባቡሩን በሚጎትተው ሎኮሞቲቭ አክስል፣ ማለትም የጎማ ዘንግ፣ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ማርሹ መግባቱ ነው። ሎኮሞቲቩን ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ማየትና ክሩን በወረንጦ መልቀም ያስፈልጋል። በሐዲዱ አቅራቢያ ሲሠራ ሐዲዱን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን፣ ሲያበቃም መጥረግና በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጨርቅ ማበስ ይገባል። ጠብታ ከወደቀ ቀዝቅዞ እስኪጠነክር ጠብቆ በእንጨት ስንጥር ማንሳት ነው፤ የብርጭቆ ወረቀት ሐዲዱን ይጭረዋል፣ ጭረቱም ቆሻሻ ይሰበስባል።

ሌላው ችግር የክፍተት ነው። ከሐዲዱ ጎን ያበቀሉት ቅርንጫፍ አጭሩን ፉርጎ ያሳልፍና ረጅሙን ሊያግት ይችላል። በተለይ በመታጠፊያ ላይ የረጅም ፉርጎ ወገብ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ደግሞ ወደ ውጭ ስለሚወጡ፣ ያለዎትን ረጅሙን ፉርጎ በእጅ ቀስ አድርጎ እየገፉ በሁለቱም በኩል መፈተሽ ተገቢ ነው።

የተሰበረ ፉርጎ በፔኑ መበየድ ይቻላል?

የሚቻለው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ ክሩና ፉርጎው ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ከሆኑና ስብራቱ ከውስጥ በኩል ሊደረስበት ከቻለ። የፔኑ ፕላስቲክ በቀዝቃዛ ገጽ ላይ ዝም ብሎ ቢፈስ አይዋሐድም፤ ሲቀዘቅዝ ይላጣል። ስብራቱን በካተር በቪ ቅርጽ ጎድጉዶ፣ በፔኑ ጫፍ ሁለቱን ከንፈሮች ለአፍታ አለስልሶ፣ ከዚያ መሙላት ያስፈልጋል። ቀጭን ግድግዳ በዚህ ሙቀት ወደ ውጭ ሊያብጥ ስለሚችል፣ ቀለም በተቀባው ገጽ ላይ ጉዳቱ ይታያል። ለሰብሳቢዎች ዋጋ ያለው አሮጌ ዕቃ፣ በተለይም የድሮ የቆርቆሮ ባቡር፣ ከሆነ ፔኑን ጨርሶ አያስጠጉ፤ ሙጫ ሊነሳ ይችላል፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ግን አይመለስም።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መስመር መሥራት እፈልጋለሁ። ፔኑ የት የት ይረዳኛል?

በቅድሚያ የትኛውን መስመር እንደሚሠሩ ይወስኑ፤ ምክንያቱም ሐዲዱ ይለያያል። በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1 ሜትር ስፋት አለው። ይህ በ1፡87 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ኤችኦኤም የሚባለው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይወክለዋል፤ የስዊዘርላንዱን የሬቲያን ባቡር የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ይኸው ሐዲድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው በተለመደው የኤችኦ የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሠራል።

በአዲሱ መስመር ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይወፍር በመሆኑ በኤችኦ 0.15 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱን በፔን ማሰብ አይገባም፣ ቀጭን የብረት ሽቦ በካውያ ይበየድ። ፔኑ የሚደምቀው በመልክዓ ምድሩ ላይ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ግራርና እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልቋል፣ ለዚህ መሣሪያ የተፈጠሩ ይመስላሉ። የቁልቋል ክንዶች ወፍራምና ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወጡ፣ ቅጠል የማይታይባቸው ስለሆኑ፣ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ጎን ለጎን ሲወጣ የክንዱ ውፍረትም ጠርዙም በአንዴ ይገኛል። 6 ሜትር የሚሆን ቁልቋል በኤችኦ 7 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። በጥቁር አረንጓዴ ክር ከተሠራ፣ ከማት ፕራይመርና ከግንዱ ግራጫ በስተቀር ሌላ ቀለም ላያስፈልገው ይችላል፤ ክንዶቹን ግን ከመካከለኛው ጀምሮ ወደ ውጭ መሥራት ይበጃል፣ አለዚያ የጋለው ጫፍ ወደ መካከል ሲገባ አስቀድሞ የቆሙትን ያቀልጣቸዋል።